ናንጉሩኩሩ ላይ ውረጂ

ስልኩ ሲጮህ ገና አልነጋም፤ ነፋሱ ቆርቆሮ ያንኳኳል፣
ያዳማ ነፋስ ነው፣ እንግዳ አይደለም፣ ሲለው በር ከፍቶ ይገባል።
«አባዬ፣ ወረድን» አለችኝ ሲፈን፤ ድምጿ በእንቅልፍ እጦት ሻካራ፣
ከኋላዋ ሻንጣ ይጎተታል፣ ሰው በማላውቀው ቋንቋ ሲጣራ።

«ስንት ሰዓት ነው እዚያ?» አልኳት፣ ጣቶቼን ዘርግቼ፣
ልደምር፣ ልቀንስ ተዘጋጅቼ።
«አስራ አንድ» አለች፣
«እንዳንተው ነው አባዬ፣ ጀንበር ስትወጣ ነው አንድ የሚሉት» ብላ ሳቀች።

ልጄ የበረዶ ሐኪም ናት፣ እዚሁ አዳማ የተማረች፤
የዓሣ አጥማጆች ማቀዝቀዣ በፀሐይ እንዲሠራ ልታደርግ ሄደች።
ካርታ የለኝም። የባንክ ካላንደር ገንጥዬ፣
በሐምሌ ጀርባ መንገዷን ጽፌያለሁ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ሰቅዬ፦

ከአየር ማረፊያው እስከ ምባጋላ፣
ከምባጋላ አውቶቡስ፣ ከዚያ በኋላ
ሩፊጂ የሚባል ወንዝ፤ ድልድዩ ረጅም ነው አሉ፤
ከዚያ ጫካ፣ ከዚያ ጫካ፣ ሰዎቹ ያንሳሉ፣ ዛፎቹ ይበዛሉ፤
ናንጉሩኩሩ ላይ ውረጂ። መገንጠያ ናት።
(ሦስቴ አጥፍቼ ነው የጻፍኳት።)
ከዚያ ኪልዋ፣ ከዚያ ባሕር፣ ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ አልቋል፤
ሐምሌ ሠላሳ ቀን ነው፣ ለመንገድ ግን ያንሳል።

እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመት አሰብ ተመላልሻለሁ፣
ተሳቢ ጎትቼ፣ ሚሌ ላይ ጎማ ቀይሬ፣ ዶቢ ላይ ሞተር አቃጥያለሁ፤
ባሕርን ግን አላውቃትም።
ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም።
የማውቀው ወደብ ነው፦ ክሬን፣ አጥር፣ የጉምሩክ ወረፋ፣
ስንዴ ጭኖ በሌሊት መውጣት፣ ሙቀቱ ሳይከፋ።
ውሃው ከመርከቦቹ ኋላ ነበረ። ነገ እግሬን እነክራለሁ እያልኩ፣
ነገም አለቀ፤ ያ መንገድ ተዘጋ፤ እኔም እዚሁ ሸመገልኩ።

ረፋዱ ላይ ደወለች፤ «ምባጋላ ነኝ፣ በባጃጅ መጣሁ።» «በምን?» «በባጃጅ!»
«እዚያም ባጃጅ?» ብዬ ብጮኽ፣ ተማም ከደጅ
እሱን የጠራሁት መስሎት፣ «መጣሁ ጋሼ መርጊያ!»
ሦስት እግሯን አስነስቶ ተገተረ ከበራፌ መግቢያ።
«የት ልውሰድዎ?»
«ኪልዋ።»
«ከሶደሬ ያልፋል?»
«ትንሽ ያልፋል።»

ሰባት ሰዓት ላይ ስልኳ ዝም አለ።
«የደወሉላቸውን ደንበኛ…» አለችኝ ያቺ የማሽን ሴት።
ደንበኛ? ማን ስለ ደንበኛ አወራ፤ ልጄን እኮ ነው የደወልኩላት።
ጫካው ነው፣ አልኩ። የድሮ ሹፌር ያውቃል፣
መንገድ አንዳንዴ ሰውን ውጦ ያቆይና ራቅ ብሎ ይተፋል።

ቢሆንም ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ፣
ጣቴን ምባጋላ ላይ አሳርፌ፣ ቀስ ብዬ ነዳሁ፤
ዳገት ሲመስለኝ ማርሽ እየቀነስኩ፣ ቁልቁለቱን እየያዝኩ፣
ወንዙ ጋ ስደርስ፣ ቀኝ እግሬ ብቻውን ፍሬን ሲፈልግ አገኘሁት፣ ሳቅኩ።
ተማም ደፉ ላይ ተቀምጦ፣ ብርቱካን እየላጠ በጥፍሩ፣
«አሁን የት ደረሰች?» «ጫካ።» «አሁንስ?» «ጫካ።» «ይንዱት እንጂ ጋሼ፣ ይጨምሩ!»

ከከተማው በላይ፣ ተራራው ላይ፣ ነጫጮቹ የነፋስ ማማዎች ይዞራሉ፣
እንደ ደከመው ዋናተኛ ክንዳቸውን ያነሳሉ፣ ይጥላሉ።

አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ተጠራ።
በመካከላችን ነፋስ ነበር፣ የኔ ይሁን የሷ አልለየሁም።
«አባዬ፣ ናንጉሩኩሩን ተኝቼ አለፍኳት!
ብዙ ርቄ ነው የነቃሁት፣ በሞተር መለሱኝ።»
ሦስቴ አጥፍቼ የጻፍኳትን።
«ግን ደርሻለሁ። እግሬ ውሃ ውስጥ ነው።»

ዝም አልኩ። ከዚያ፣
«ባሕርን ምን ይሏታል እዚያ?»
«ባሃሪ።»
ባሃሪ፣ አልኩ ለራሴ፤ አፌ ውስጥ አልከበደኝም።
«ይቀዘቅዛል?»
አስራ ዘጠኝ ዓመት አጠገቡ ደርሼ ያልጠየቅኩት።
«አይ፣ ለብ ያለ ነው። እንደ ሶደሬ።»

ለተማም ነገርኩት።
«ታዲያ ብዙም አያልፍም» አለና
የብርቱካኑን ልጣጭ ሰብስቦ፣
ሂሳብ ሳይጠይቀኝ ባጃጁን አስነሳ።