አጫውቺኝ

ጠባሴ ነው ቤቱ፣ ከወፍጮው ጀርባ፣
ስድስት ኮምፒውተር፣ ሰዓቱ ብር አርባ።
ጋሽ ተክለየስ ገቡ፣ ውርጭ አባሯቸው፣
የማሽኑ ትንፋሽ ከደጅ ጠርቷቸው፤
ሠላሳ ዓመት ሌሊት የፋብሪካ በር የጠበቁ፣
ብርድ ልብስ በመኪና ሲወጣ እያዩ ያልሞቁ።

«ጥግ ይዤ ብቀመጥ?»
«ወንበሩ ለተጫዋች ነው፣ ጋሼ፤ እኔም ተቀጣሪ ነኝ።»
ከመሀረብ ቋጠሮ አርባ ብር ፈቱ፤
«እንግዲያው» አሉ፣ «አጫውቺኝ።»

እሺ። ከተማው ሞቷል፣ የሚቀብረው ግን ጠፋ፣
በየመንገዱ ያቃስታል፣ ሰው ሸቶት፣ አፉን እያሰፋ።
አይሩጡ። የሮጠ ያለከልካል፣ ያለከለከ ይዝላል፣
የዛለ ክንድ አንዱን ሲጥል ሁለተኛው አንገት ይይዛል።
ጎንበስ ብለው ይራመዱ፣ ይቺን ቁልፍ ተጭነው፤
የዞምቢ ዓይኑ ቢፈዝም፣ ጆሮው ጆሮ ጠቢ ነው።
መስኮት አይስበሩ፣ መስተዋት ሰፈር ይጠራል፤
በሩን ቀስ አድርገው ይግፉት፣ ካልተቆለፈ ይከፈትልዎታል።

«የማን ቤት ነው?»
«የማንም።»
«ባለቤቱስ?»
«ከሚያቃስቱት አንዱ ይሆናል።»
ማውሱን ለቀቁ። «ሳላንኳኳማ ነውር ነው።»

ለማንኳኳትም ቁልፍ አለው ለካ፤
በሦስት ዓመት ሥራዬ ጣት ሲያርፍበት አላየሁም።
አንኳኩ። ሰባት መጡ።
«እንደምን አመሻችሁ» ሲሉ ስክሪኑ ቀላ።

አይዘኑ፣ አልኳቸው፤ የመጀመሪያው ሰው የሚሞተው ለትምህርት ነው።
አሁን ሌላ እንፍጠር፣ ሥራ ይምረጡለት፦
አናጢ፣ ነርስ፣ እሳት አደጋ፣ ምግብ አብሳይ፣ ሌባ…
«ዘበኛ የለውም?»
የለውም።
«ሥራ አጥ በይው።»
ጉድ ነው፤ እዚያ ዓለም ላይ
ከሁሉ ብዙ ነጥብ የሚሰጠው ለሥራ አጥ ነው።

አዲሱም ሰው አንኳኳ፣ ነውር አይተውምና፤
ግን ከፊት በር አንኳኩና በጓሮ ዞሩ፣
የመጡት ሁሉ ደጁን ሲያሸቱ፣ እሳቸው ከውስጥ ቀረቀሩ።

በአሥረኛው ቀን ቧንቧው ይደርቃል ስላቸው
ሳቁ፤ ያን ማታ መጀመሪያ የሳቁት ያኔ ነው፦
«ለጠባሴ ሰው? ለኔ ነው ይሄ ምክር?»
ድስት፣ ባልዲ፣ ጠርሙስ ሞሉ፣ የአበባ ማስቀመጫም ሳይቀር።

መጋረጃ ዘጉ። ፎቅ ወጡ።
ከጎናቸው ናሁሰናይ፣ ጆሮው በማዳመጫ ተደፍኖ፣
ሰማንያ ዞምቢ በመጥረቢያ ጨፍጭፎ
በሰማንያ አንደኛው ተበላ፤ ጠረጴዛውን በቡጢ አቀመሰው።
እሳቸው አንድም አልገደሉ።
በር፣ መስኮት፣ የጓሮ በር፣
እንደገና በር።

ይቺን ይጫኑ፣ ሌሊቱን ታሳጥራለች፣ አልኩ፣ አዋቂ መስዬ።
«ሌሊት ተዘልሎ አይታለፍም፣ በር በበር ነው የሚነጋው፣ ልጅዬ።»

ሰዓታቸው አለቀ። ዝም አልኩ። ሁለተኛውም አለቀ።
የእኔ ወታደር፣ ከነጠመንጃው፣ አራት ቀን አልፎ አያውቅም፤
የሳቸው ሥራ አጥ ዘጠነኛውን አነጋ።

ከዚያ፣ በደብረ ብርሃን፣ መብራት ሄደ።
ልጆቹ ተንጫጩ፣ ስልክ አበሩ፣ ተሳደቡ፤
እኔ ግን ደነገጥኩ፣ አንድ ምክር መርሳቴ ትዝ ብሎኝ፦
በየጊዜው ያስቀምጡ፣ ማለት ነበረብኝ፣ ከሁሉ አስቀድሜ።

«ሞተ?» አሉ።
«አልሞተም፣ ጋሼ። መብራት ሲመጣ
መጀመሪያው ቤት በር ላይ ቆሞ ያገኙታል፣ ገና ሳያንኳኳ።»

ወንበራቸው ሲንሲያጠጥ ሰማሁ።
በጨለማው ሄደው የበራችንን መወርወሪያ ሞከሩ፣ ተመለሱ፤
መዳፋቸውን ከማሽኑ ሳጥን ላይ አሳረፉ፣
ትኩሳቱ እስኪወጣለት።