ዘጠና ዘጠኝ

ከፍኖተ ሰላም ቁልቁል ሲወረድ፣
ብር ወንዝ ሳይደርሱ፣ ከዋርካው መንገድ፣
የሙላው ወፍጮ ቤት ነበረ፤
ቀን እህል ሲፈጭበት ውሎ
ማታ ሐሜት ሲፈጭበት ያደረ።

«ሙላው ሰይጣን አለው» ይል ነበር ገበያው፣
«ከድንጋዩ ሥር ያለ፣ ብሩን የሚያረባው።
መልስ የሰጠህ ስሙኒ፣ ከኪስህ ሳይነጋ፣
ያንተኑ አስከትሎ ይመለሳል አልጋው ጋ።»
ደብተራ ልሳነወርቅ፣ ዋሸራ የዋለው፣
«ስሙን አውቀዋለሁ» ይላል፣ «ሁለት ብር ነው መጥሪያው።»
ሊቀመንበሩማ ሽጉጡን ታጥቆ
«ሰይጣን የለም!» አለን፤ ማታ ተደብቆ
ብድር ሊለምነው ከሙላው በር ቆመ፤
ሲወጣም ደጁን እንደ ታቦት ተሳለመ።

እኔ አንተነህ ነኝ፤ የወፍጮ ቤቱ ልጅ፣
ገለባ የምጠርግ ከወለል እስከ ደጅ፤
ቅንድቤን፣ ጆሮዬን ዱቄት አልብሶኝ፣
በአሥራ ሁለት ዓመቴ ሽበት ያወረሰኝ።

ሰይጣኑንም አውቀው ነበር።
ሰይጣኑ ማሰሮ ነው፤
ከአልጋው ሥር፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ አፉን በጨርቅ ለጉሞ፣
መቶ ጠገራ አርግዞ፣ በዝምታ ከርሞ።
ባንድ ገጹ ሴትዮ፣ አገጯ የሞላ፣
ሁለት ራስ ያበቀለ አሞራ በሌላ።
ሙላው ማታ ማታ ኩራዙን ለኩሶ፣
ቁርበት ላይ ዘርግፎ፣ ጣቱን በምራቅ አርሶ፣
«አንድ፣ ሁለት…» ሲለው በጎርናና ድምጥ፣
«ሰይጣኑ ቆጠረ» ይላል አላፊው ሲደነግጥ።

የቡሄ ዋዜማ፣ ጅራፍ ሲጮህ ማዶ፣
ሙላው ለተዝካር ደንበጫ ሄዶ፣
ማሰሮውን ከፈትሁ።
ለረሃብ አይደለም፤ በልቼ ነበረ።
ለጫማም አይደለም።
ብቻ እጄ ገባና ከአንዲቱ ጋር ቀረ።

ዱቄቴን ሳልታጠብ ሮጥሁ በጨረቃ፤
ውሻ ጮኸ፣ የእትዬ የሻረግ ቤት ነቃ።
በማግስቱ ገበያው ሌላ ወሬ የለው፦
«በዓይኗ በብሌኗ የሻረግ አየችው!
ከእግር እስከ ራሱ ነጭ፣ ጥላ የሌለው፣
ከሙላው ቤት ወጥቶ ወንዝ ነው የገባው!»

እኔም ሰማሁ።
እኔም አማተብሁ።

ከዚያ ወዲህ ሙላው ሌት ሙሉ አልተኛ፤
አንዲት በግ ጠፍታበት እንደዚያ እረኛ፣
ዘጠና ዘጠኙን ቁርበት ላይ በትኖ፣
አንዲቱን ይዳብሳል ጣቱ እንደ ዕውር ሆኖ።
ስሙ ሙላው ነበር፤
ቁጥሩ አልሞላ አለው።

አንድ ሌሊት ደግሞ፣ ልመልሳት ብዬ፣
ደጁ ላይ ደረስሁኝ በመዳፌ አዝዬ።
መቁጠሩን ገታና ኩራዙን እፍ አለ።
በጨለማው ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣
«አንተ ነህ?» አለ።

ስሜን ይሁን የጠራው፣
ሰይጣኑን ይሁን የጠየቀው፣
እስከ ዛሬ አልለየሁም።
መልስ አልሰጠሁም።
ወንዝ ወረድሁ።
ብርን ለብር ሰጠሁ።

ሙላው ሞተ። ዘመድ ወለሉን ቆፈረ፤
ዘጠኝ ወራሽ ከቦ ማሰሮውን ሰበረ።
ዘጠና ዘጠኝ ለዘጠኝ፦ አሥራ አንድ አሥራ አንድ፤
ሳይተርፍ፣ ሳይጎድል፣ ሳያጣላ ዘመድ።
«መቶ ቢሆን ኖሮ» አለ ታላቅየው፣
«በዚያች ባንዲቱ ነው ጎራዴ የምንማዘዘው።
ሰይጣን ይስጠው እንጂ፣ ቀድሞ የወሰዳት!»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከተዝካሩ ጠላ
አንድ ሽክና ጠጣሁ፣ ደገምሁ ሌላ።

አሁን ሸብቻለሁ፤ ዱቄት አይደለም።
ክረምት ብር ሲሞላ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ፣
ከአልጋዬ ላይ ሆኜ አደምጠዋለሁ፤
የወንዙ ቁጥር ከአንድ አያልፍም።
«አንድ» ይላል።
ያርፋል።
«አንድ።»