የባልጩት ሒሳብ

ከተማዋን ቁልቁል ከሚያይ ገደል ሥር፣
የደቻቱ አሸዋ ሳይግል፣ ገና በነፋሻው አየር፣
ወንፊቴን ይዤ ዋሻው አፍ ላይ እቀመጣለሁ፤
አፈር እነፋለሁ፣ ድንጋይ እቆጥራለሁ።
የቀን ሠራተኛ ነኝ፤
ጣቴ እንጂ ዲግሪ አይደለም ያስቀጠረኝ።

ነጭ ድንጋይ አለ፣ የዚሁ ተራራ ልጅ፣
ጎንበስ ያለ ሁሉ የሚያፍሰው በእጅ፤
ፈልጠው፣ አንዴ ቆርጠውበት ጥለውታል፣
ስለቱ ሳይደንዝ፣ እንደ ፌስታል።

ባልጩቱ ግን ጥቁር፣ የሩቅ አገር ሰው፣
በዚህ ተራራ ላይ ዘመድ የሌለው።
የስንት ቀን መንገድ? በማን ትከሻ?
በምን ተለወጠ? በቆዳ? በቀይ አፈር? በአደን ሥጋ ድርሻ?
አለቃችን ቢራቱ ይስቃል፤
«ደረሰኝ የለው! ኮንትሮባንድ ነው!» ይላል።

እዚህ ጋ ፍቅፋቂው በሁለት ተከምሯል፣
መሐሉ ባዶ ነው፤ ሰው እግሩን ዘርግቶበታል፣
ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ብርሃን አዙሮ፣
እንደ ሐረር መኪና ግርግር ልብስ ሰፊ ሥራው ላይ አቀርቅሮ።

ይህቺን ደግሞ ተመልከቱ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የማታህል፤
ጦር ነበረች መጀመሪያ፣ ጫፏ እስኪከፈል።
ከዚያ መፋቂያ ሆነች፣ ቆዳ ላይ ኖረች፣
ደነዘች፣ ተጠረበች፣ ደነዘች፣ ተጠረበች፣
ጣት መያዣ እስኪያጣ ድረስ አነሰች።
አዝኖ ይሆን የጣላት ሰው?
አላውቅም። እሱን ድንጋይ አይመዘግብም።

እኔ የማውቀው ከፊራ ነው፤ የእናቴን የሙሚናን ቢላዋ፣
ፓፓያ ሲሰነጥቅ ያረጀውን ከነዣንጥላዋ።
ሮብሌ በብስክሌቱ ድንጋይ እያዞረ
በየወሩ ሲስለው፣ ብረቱ የሣር ቅጠል አክሎ ቀረ።
እጀታው ተሰበረ፤ በከመነዳሪ ጠቀለለችው።
«አዲስ ግዢ» ስላት፣ ቀና ብላ አየችኝና ቢላዋውን አበሰችው።

ከጥጉ ሌላ አለ፦ እብጥ ያለ ነጭ ድንጋይ፣
አሥሬ ተመቶ አንዲት ስለት ያልወጣው።
የልጅ እጅ ነው። ባልጩቱን ማን ይሰጠዋል? በርካሹ ይልመድ።
እኔም ሚዛን የለመድኩት በፈረጠ ቲማቲም ነው።

ስድስት ሰዓት። ቢራቱ ለምሳ ፓፓያ አመጣ፤
ቢላዋ ግን ከሁላችንም ኪስ ታጣ።
ወንፊቴ ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ስለት ተዘርግቷል፣
ፀሐይ ሲነካው ያብለጨልጫል።
ዓይኔ የት እንዳረፈ አየና ጮኸ፦ «እንዳታስቢው!»
ጉልበቱ ላይ መትቶ አፈረጠው።
በጣታችን በላን፤
ፍሬውን ግን ከጉድጓዱ አርቀን ተፋን።