በሦስት ጣት ጨው

ኒባሮን ሲቀዝፍ፣ ኒባሮን ሲቀዳ፣
ጀልባው ዕድሜ ልኩን ሆዱ ላይ ቀዳዳ፤
«ለምን አትደፍነውም?» ብዬ ብጠይቀው
«የማያፈስ ጀልባ የብስ ላይ ያለው ነው»
አለኝና በጣሳው ሜግናን ወደ ሜግና መለሰው።

ክረምት ነው። ወንዙ ዳር የለውም ዘንድሮ፤
የጁት ቃጫ ማሳ ላይ ዓሣ ሰፍሯል አድሮ።
ደለል የሠራት ደሴት፣ አንድ ጎጆ፣ አንዲት ሴት፣
ዙለይኻ፣ ልጇን አቅፋ ከደጃፏ ፊት።
ሮቶን ሁለት ዓመቱ። ትናንት ሲሮጥ ውሎ
ዛሬ ተጋድሟል ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ፤
የሆዱን ቆዳ ብቆነጥጠው
እንደ ቆነጠጥኩት ቀረ፤ የሚመልሰው ውኃ የለው።

«ውኃ ስጪው» ስላት ራሷን ነቀነቀች፤
«ከላይ ሳፈስ ከታች ይወጣል፣ ሸፋሊ» አለች፤
«የተሸነቆረ እንስራ በምን ይሞላል?»
ጎርፍ መሐል ቆማ፣ ልጇ በጥም ይነድዳል።

እንስራስ አይደለም።

ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረ፤
ግን ሐኪሙ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስሎ አስተማረ፦
አንጀት መንደር ነው፣ አለን፣ ቤቶቹ የማይቆጠሩ፣
ሁሉም በስስ የዘይት ሽፋን የታጠሩ።
ዘይትና ውኃ መቼም አይዋደዱ፣
ጨውም ስኳርም ዘው አይሉ፤ በር አለ ለየመንገዱ፤
በሩ ላይ ዘበኛ፣ ዘበኛው ዓይነ ስውር፣
እንግዳውን በመዳፉ ዳስሶ የሚመረምር።

ኮሌራ ግድግዳ አይነካም፤ ተንኮለኛ ነው፤
አንዱን በር ብቻ ከፍቶ በሽብልቅ አቆመው።
ጨው ወጣ። ውኃ ደግሞ የጨው ጥላ ነው፣
ጨው ወደሄደበት ሳይጠራ ይሄዳል፣ ማን ሊመልሰው።

ግን ሌላ በር አለ። እንቅልፌ የጠፋው ይሄን ስሰማ ነው።
ጨው ብቻውን ቢያንኳኳ አይከፈት፣ ስኳርም ብቻውን፤
ተያይዘው ሲመጡ ነው ዘበኛው የሚያዞር ፊቱን።
ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ ይላሉ፣ ድንጋይ ነው እንዳይባል፤
እዚህ ደጅ ላይ ግን ድንጋይ ነው፤ በስኳር ዋስትና ይገባል፣
ውኃም፣ ጥላ ነውና፣ ከኋላቸው ይከተላል።
በጓሮ በኩል ደግሞ አንድ ኒባሮን አለ፣
ጨው በጣሳ የሚቀዳ፣ እንቅልፍ ያልታደለ፤
እሱ ያረፈ ዕለት ቤቱ ይሰምጣል።

ግማሽ ሴር ውኃ። አንድ ጭብጥ የሸንኮራ ጉር። ጨው በሦስት ጣት።
«ቆንጥሪ» አልኳት። እጇን ዘረጋች። አመልካች ጣት የላት፤
ባቻምና ከጁቱ ጋር ማጭድ አጭዶባት።
የተማርኩት ውስጥ ለዚህ መልስ የለም።
ዝም ብዬ ቆምኩ። እሷ አልቆመችም።
በሁለት ጣት ቆነጠረች፣ በጠበጠች፣ ቀመሰች፣
ጥቂት ጨመረች፣ ደግማ ቀመሰች፤
«የእንባ ያህል ነው» አለች።
መስፈሪያውን የት እንዳገኘችው
አልጠየቅኳትም።

በማንኪያ፣ በማንኪያ። አስመለሰው። ጠበቅን። ደግሞ በማንኪያ።
ኩራዙ ጠፋ፤ የልጁ ትንፋሽ ሆነ የሌሊቱ መለኪያ።
ሊነጋጋ ሲል ዙለይኻ ጮኸች፤ ክፉ መስሎኝ ዘለልኩ፤
ሸንቶባት ነው! ሳሪዋን ጨምቃ አሳየችኝ፤ እኔም ሳቅኩ።

በወሩ ፈታኙ መጣ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ።
የኔ ደሞዝ እናቶች ባስታወሱት ልክ ነው።
ከአሥር ጥያቄ ዘጠኙን መለሰች። አሥረኛው፦
«ጨው በስንት ጣት?»
«በሁለት ጣትና በአንድ እንባ» አለችው።
ወረቀቱ ላይ ለእንባ የተሰመረ ሳጥን የለም፤
ስሕተት ብሎ ጻፈ፣ ከኔም ሦስት ታካ ቆረጠ።

ስንመለስ ኒባሮን ይቀዝፋል፣ ይቀዳል።
ሮቶን ዳር ላይ ቆሞ ጣቱን ይልሳል፤
ምን ውስጥ ነክሮት እንደመጣ
ከጀልባው አይታይም።