ምንጩ ያልታወቀ

ማታ ነው፤ ዘጠኝ ቁጥር ክፍል፤ ቆርቆሮው በዝናብ ይጮኻል፤
አዌቱ ከድልድዩ ሥር ጭቃውን ጠቅልሎ ይሮጣል።
አባዲጋ፣ ቀን ባጃጅ ነጂ፣ ማታ የእኔ ተማሪ፣
«ቲቸር፣ ስሙች ምንድን ነው?» አለኝ፣ እንደ ፖሊስ መርማሪ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጆሮዬ ግን ነደደ።
ሽፋን የሌለው መዝገበ ቃላት ከቦርሳዬ ወረደ።

ስሙች፦ ድምፁ ነው ትርጉሙ፤ ከንፈር ከከንፈር ሲላቀቅ፣
እርጥብ ጫማ ከቆጪ ጭቃ ተነቅሎ ሲወጣ፣ ጭልቅ።

ፔክ ከወፍ ነው፤ ዶሮ ከግቢ ጥሬ እንደምትለቅም፣
ነካ አርጎ መሄድ ነው ጉንጭን፤ አያጠግብም፣ አያስታርቅም።

ስማክ ደግሞ ጥፊም ነው፣ መሳምም ነው። «እንዴት?» አሉኝ፤
እኔ ምን ላርግ፣ ሁለቱም ጉንጭ ላይ ይጮኻሉ አልኩኝ።

«እኛስ ምን እንላለን?» አለ አንዱ። ከበሩ ጋ «ዹንጎ!» ተባለ፤
ዴስኩ በሳቅ ተወዛወዘ፣ ጠመኔዬ ከእጄ ተንከባለለ።
በአማርኛማ፣ አልኩ፣ ሳመ አለ፤ ተሳለመ አለ፣ ለደጀ ሰላም፤
የከንፈር ወዳጅም ነበር ድሮ፤
ደግሞ ለሰው ሐዘን ከንፈር እንመጥጣለን፣
ማንንም ሳንስም።

ባስ የሚል አሮጌ ቃል አገኘሁ። «መኪናው?» አለች ሲቲና፤
መናኸሪያ ሙዝ ትሸጣለች፤ አንድም ቀን አልቀረችም ገና።
አይ፣ መሳም ነው፤ መኪናው ሌላ፣ ፊደላቸውም ይለያል።
ዝም አለች። እስክሪብቶዋ ከደብተሯ በላይ ቆሟል።

«ለእኔስ አንድ ነው» አለች ቆይታ። «በሚዛኑ ባስ፣ በንጋቱ፣
በመስኮት ጎንበስ ብሎ ሳመኝ፤ አሥራ አንድ አልፎ ነበር ሰዓቱ።
ባሱ ሄደ። ከዚያ ባሰ። የባሰ አታምጣ እላለሁ፤
ሙዜን እየደረደርኩ የሚገባውን ባስ ሁሉ አያለሁ።»

ማንም አልሳቀም።
ዝናቡ ብቻ።

ለመገላገል ገጹን ገለጥኩ፤ ስኖግ የሚል ቃል ደረሰኝ፤
«ምንጩ ያልታወቀ» ይላል፤ መጽሐፉ ሌላ ምንም አልነገረኝ።
ሲቲና ያንን ጻፈች፤ ግን ከስኖግ አይደለም፣ ከባስ ፊት።
መብራት ጠፋ። አባዲጋ በነጻ፣ በባጃጁ ሸኛት እስከ ቤት።

ደብተሯን ረስታው ሄዳ ነበር።
በስልኬ መብራት አነበብኩት፣ በጎባጣ ፊደል፦
ባስ። ምንጩ ያልታወቀ።
መድረሻው ሚዛን።