ብርድ ልብስ ስንጨምቅ

በሬሳ ወንዝ ዳር፣ ቅዳሜ ረፋዱ፣
ውርጩ ገና ሳይለቅ ከሣር ከመንገዱ፣
አንዱን ጫፍ ምንታምር፣ አንዱን እኔ ይዤ፣
ያን አሮጌ ብርድ ልብስ ወዲህ ጠምዝዤ፣
«ልጁን አየሁት» አልኳት።
«የቱን?»
«ባለባጃጁን።»
ውሃው ጠብ፣ ጠብ አለ። እሷ ዝም።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንዲት ቃል ነበራት፤
«ተጠንቀቂ» ነበር፣ ከደጅ በወጣሁ ሰዓት።
ከምን? አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋት።
ከጅብ መስሎኝ ነበር።
ዘጠነኛ ክፍል፣ በአስራ ስድስት ዓመቴ፣
ሆዴን በነጠላ ስሸፍን ካባቴ፣
ያኔ ገባኝ፣ ከምን እንደነበር።

«ያ ሆድ አንቺ ነሽ፣ ምንታምር።
አንቺን በመውለዴ ቆጭቶኝ አያውቅ ከቶ፤
ሆዴ ውስጥ የቀረ ደብተሬ ነው፣ ተከፍቶ።»

ከዚያ ሁሉን ነገርኳት፣ በየስሙ ጠርቼ፤
ወር አበባን፣ ክኒኑን፣ ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠይቄ መጥቼ፤
«እምቢ»ንም፣ «እሺ»ንም።
«እማዬ! ሰው ይሰማል!»
«ይስማ።»
ከማዶ ልብስ የሚያሰጡት ወይዘሮ ጥሩአየር አንገታቸውን አሰገጉ።

ጨመቅን፣ ደግመን ጨመቅን፣ ብርድ ልብሱ ጠብታ አጣ።
ልናጥፈው ስንል፣ ቀና ሳትል፣ ቃሏ ቀስ ብሎ መጣ፤
«እማ… አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

ከእጄ አመለጠ። ካሸዋው ላይ ወደቀ።
እንደገና አጠብነው።