መቅጃ

ሦስት ዓመት ሙሉ በወረቀት ኖርኩኝ፣
ፊደል በሚሊሜትር ሳስጠጋ፣ ሳርቅ አደርኩኝ።
ዲዛይነር ነኝ ባይ ነኝ፤ ዓይን ነው መተዳደሪያዬ፣
ጆሮ? ለመነጽሬ ማንጠልጠያ፣ ለጉትቻዬ።

በአራተኛው ዓመት "ግድ ነው" ተባለና
የቪዲዮና የድምፅ ትምህርት መጣና፣
መምህር ኤውሎሂዮ፣ ሲጋራ ትቶ ማስቲካ የሚያኝክ፣
"ቅዱልኝ" አለን፣ "አንድ ሰው፣ አንድ ሥራ፣ አምስት ደቂቃ ልክ።"

ቫልፓራይሶ ዳገት ናት፤ ቤቶቿ ቆርቆሮ የለበሱ፣
የእንጨት ሳጥኖች በገመድ ሰው ጭነው የሚወጡ፣ የሚመለሱ።
ከነዚያ ባንዱ ላይ ዶን ሄናሮ አለ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በር እየዘጋ፣ ፍሬን እየያዘ የዋለ።
እሱን እቀርጻለሁ ብዬ ካሜራ ተዋስኩ፣
ጭጋጉ ከባሕሩ ሳይነሣ ደረስኩ።

አቤት ያ ሥዕል! የመስኮቱ ጥላ ፊቱ ላይ ተሰልፎ፣
ባሕሩ ከትከሻው ኋላ እንደ ብር ወረቀት ታጥፎ።
እሱም አወራልኝ፤ እጁን ከማንሻው ሳያነሣ አወራ፣
እኔ አንገቴን ሰብሬ ከክፈፉ ጋራ፣
ከንፈሩን እያየሁ፣ ቃሉን ሳላጣራ።

ክፍል ውስጥ ሲከፈት፣ ያየ ሁሉ "ኡ!" አለ፤
መምህሩ ተነሣና ስክሪኑን በጃኬቱ ከለለ፣
"አሁን ስሙት" አለ።

ንፋስ።
ደግሞ ንፋስ። በንፋሱ መሐል የገዛ ልብሴ ሲንኮሻኮሽ፣
ዶን ሄናሮ ከጉድጓድ ሥር ሆኖ፣ ድምፁ ብቅ ሲል፣ ሲሸሽ።
ከዚያም የኔ ሳቅ፣ ቀጭን፣ ቦታው ያልሆነበት፤
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ያን ቀን ገባኝ፣ አፈርኩበት።

መምህሩ አልተቆጣም። ማስቲካውን ጠቅልሎ ጣለና፦
"ሚያራይ፣ ውሃ ስትቀጂ ባልዲሽን ከቧንቧው ሥር ነው ወይስ ከጎረቤት በር?
መቅዳት ያው መቅዳት ነው፤ አስጠጊ፣ አጎንብሺ፣ ከአፉ ሥር።"

በሳምንቱ ስመለስ ሳጥኑ ቆሟል፤ ገመዱ ለእድሳት ወርዷል፣
ማዘጋጃ ቤቱ "እስከ ተጨማሪ ማስታወቂያ" ብሎ በሩ ላይ ለጥፏል።
(የፊደሎቹ ክፍተት ይቀፋል።)

ዶን ሄናሮን ከቤቱ አገኘሁት፣ ካልሲ ሲያሰጣ።
"ያን ቀን ያሉኝን ይድገሙልኝ" ስለው ግራ ገባው፣ ወንበር አመጣ።
"የቱን?" አለኝ። አላውቀውም። ያኔ አልሰማሁትም፤
እሱም ምን እንዳለ ጨርሶ ትዝ አላለውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፣
"የቤቱን ዝምታ ልቅዳ፣ ሠላሳ ሰከንድ ብቻ" አልኩ።
"ዝምታ ይቀዳል?"
"ይቀዳል። ለቁርጥራጩ ገበር ይሆናል።"

ማቀዝቀዣው አጉረመረመ።
ጣሪያው በፀሐይ ሲሰፋ አንዴ ተንጣጣ።
በአፍንጫው ትንሽ ፉጨት አለች፣ ስትገባ ስትወጣ።
ሃያ ሰከንድ ላይ፣ ዓይኑ መስኮቱ ላይ እንደቀረ፣
ቀኝ እጁ የሌለውን ማንሻ ይዞ ወደ ፊት ዞረ፤
ከጉሮሮውም፣ ሳያስበው፣
ክርርርርር… ጓ።
መሐል ላይ ትንሽ መንተፋተፍ፣ ከዚያ ረጅም እስትንፋስ፣ ከዚያ ጓ።
"ከላይ ስትደርስ እንዲህ ትላለች" አለ። ጆሮው ቀላ።

ሌሊት፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ፣ የፊተኛውን ሥዕል ዘረጋሁ፤
ንፋሱን ቆርጬ ጣልኩ፣ ሳቄን ጣልኩ፣ ባዶውን አየሁ።
ያን ዝምታ ከሥሩ እንደ ገበር ሰፋሁበት፣
ከገበሩ ላይ የሽማግሌውን ጉሮሮ አስተኛሁበት።
ከንፈሩ ዛሬም ይንቀሳቀሳል። ምን እንዳለ አላውቅም።
አልሞላሁትም።

መምህር ኤውሎሂዮ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤
ማስቲካውን ማኘክ ረሳ፣ ወንበሩን ወደ ድምፁ ለወጠ።
"ይሄ መንኮራኩር" አለ፣ "ግራሶ ቀምሶ አያውቅም።"

አልነገርኩትም።